ሠላሳ ነፍስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከኋላ የሚሰማው የጎረቤት ጀነሬተር ነው፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ ሳስተካክል የድሮው ጌማችን ካሴት ተገኘ። ቢጫዋ። ላይዋ ላይ «9999 ጌሞች» ይላል። ውሸት ነው! ስትከፍቷት አምስት ስድስት ጌም ብቻ ነው እየተደጋገመ የሚመጣው። ኮንትራ ራሱ ብዙ ቦታ ነበር። አንዱ ከሦስተኛው ደረጃ ይጀምራል፣ ሌላው መሣሪያ አስታጥቆ ያስገባል። እኛ ግን ሁሉም የተለያየ ጌም ይመስለን ነበር።

ኮንትራን ለማታውቁት፣ ኮናሚ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራው ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ሳንቲም ለሚበሉት ትልልቅ ማሽኖች፣ በ1988 ደግሞ ለቤት። ቢልና ላንስ የሚባሉ ሁለት ወታደሮች ጫካ ለጫካ እየሮጡ ይተኩሳሉ። አንድ ጥይት ከነካችሁ አለቀ። መቁሰል፣ ማገገም ብሎ ነገር የለም። ያላችሁ ሦስት ነፍስ ነው።

አዎ፣ «ነፍስ» ነበር የምንለው። አንድ ቀን አያቴ ቡና እያፈላች ወንድሜ «ሁለት ነፍስ ገደልሽብኝ!» ሲለኝ ሰማች። በስመአብ ብላ ጀበናውን አስቀመጠች። እስካሁን ይታየኛል።

ጌሙ እንደ ዳዊት በቃል የሚያዝ ነው። መድፎቹ ሁሌም እዚያው ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለው ድልድይ ስትረግጡት ይፈነዳል፤ ሁሌም ይፈነዳል። የማይታመኑት እየሮጡ የሚመጡት ወታደሮች ብቻ ናቸው። መሣሪያ ደግሞ በፊደል ነው የሚመጣው። ኤስ ከመጣ ጥይቱ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ከሱ ውጪ ያለው ለእኔ ትርፍ ነው። ስትሞቱ ግን ኤስም አብሮ ይሄዳል። ያ ነው የሚያንገበግበው።

ሠላሳ ነፍስ የሚሰጠውን ኮድ ያመጣው የሰፈር ልጅ ነው። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። እንደ ዘፈን ነበር የምንለው። ኮዱ የመጣው ከሌላ ጌም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የኮናሚ ሰው በ1986 ግራዲየስ የሚባለውን ጌም ለቤት ማሽን ሲሠራ ለራሱ ከበደው፤ ለመፈተሽ እንዲቀለው ኮዱን አስገባ። ሰውየው በ2020 አረፈ። ጌሙን የሠራው ሰው ከከበደው፣ እኛማ ምን እንሁን!

ግን ልንገራችሁ፣ ሠላሳው ነፍስ አበላሸኝ። ዝም ብዬ ነበር የምሮጠው። ብሞትስ?

ጀርመን ያደገች የአክስቴ ልጅ ደግሞ «የምን ወታደር? ሮቦቶች ናቸው» ብላ ድርቅ አለችብኝ። ተጣላን ማለት ይቻላል። ለካ አውሮፓ የወጣው ፕሮቦቴክተር ተብሎ፣ ሰዎቹ በሮቦት ተተክተው ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ትሰማኝ ይሆናል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ፏፏቴው። ሦስተኛው ደረጃ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ሁለት ሆናችሁ ስትጫወቱ አንዱ ከቀደመ ስክሪኑ አብሮት ይወጣል፣ ከታች የቀረው ይሞታል። ጠላት ሳይነካው! አንደኛውን ጆይስቲክ የሚይዘው ወንድሜ ነው፣ ሁለተኛው የእኔ ነው። «ፍጠኚ!» ይላል፣ ይዘላል፣ እኔ አለቅኩ። ሠላሳ ነፍሴ እዚያ ፏፏቴ ላይ አልቆ ያውቃል። ጨርሰን አናውቅም። አንዴ ሰባተኛው ደረጃ ደርሰን መብራት ሄደ። ጌሙ ያላችሁበትን አያስቀምጥም፤ ሲመጣ ከጫካው እንደገና።

ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ላይ ጫንኩት። ያለ ኮድ፣ በሦስት ነፍስ፣ ለብቻዬ። ቀስ አልኩ። ፏፏቴውን አንድም ሳልሞት ወጣሁት። የሚጎትተኝ የለማ! በረዶው ደረጃ ላይ ነው የቀረሁት።

ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ ያለበት ሌሊት ነበር። «ያኔ ትንሽ ብትጠብቀኝ ኖሮ እኮ እንወጣ ነበር» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ፣ «አንቺ ነሽ የዘገየሽው» ብሎ ዘጋው።