አይዞሽ የምትለዋን ነርስ ማን አይዞሽ ይበላት?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምቀርጸው ከኮዬ ፈጬ ነው፣ ከቤቴ በረንዳ። ነርስ ነኝ፣ የሌሊት አዳር ጨርሼ ነው፣ ድምፄ ከደከመባችሁ ለዚያ ነው። ወሬያችን ለራስ ስለ መራራት ነው።

ጀበናዋን አያችኋት? ሆን ብዬ ነው የጣድኳት። ቡናው የሚገባው አንዴ ነው። አቦል ይቀዳል፣ ወፍራም። ውሃ ይጨመራል፣ ቶና። ደግሞ ውሃ፣ በረካ። ቡናው ያው ነው፣ የሚጨመረው ውሃ ብቻ። አሁን የአንዲት ነርስን ቀን አስቡልኝ። አቦሉን ዋርድ ለተኙት ትቀዳለች። ቶናው ለአስታማሚ፣ ለካርድ፣ ለርክክብ ነው። ከዚያ ታክሲ ተሰልፋ፣ ሁለት ጊዜ ተሳፍራ ቤት ስትደርስ ለልጆቿ የሚተርፈው በረካው ነው። ለራሷስ? አተላው! ነገም ጀበናው ሳይታጠብ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ይጨመራል።

ሳይንሱን ቶሎ ልንገራችሁ፣ በርንአውትን፣ በሥራ ጫና ተሟጦ ማለቅን፣ ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሏል። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ውጤታማ አይደለሁም ማለት። ለራስ መራራትን ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 በሦስት ከፍላዋለች፤ ለራስ ደግ መሆን፣ መሳሳት የሰው ሁሉ መሆኑን ማወቅ፣ ስሜትን ሳይደብቁም ሳያጋንኑም ማየት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለራስ ስለ መራራት ባወራሁበት ባለፈው ቪዲዮ ስር ግን "ይሄ ስንፍና ነው፣ ጤና ባለሙያ ለራሱ አይኖርም" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ቆይ፣ እዚህ ላይ እንነጋገር። የሐኪሞች የጄኔቫ ቃለ መሐላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል፣ ሐኪሙ ጥሩ ሕክምና መስጠት እንዲችል የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ ተጨምሮበታል። መሐላ ውስጥ ነው የገባው! ስንፍና ቢሆን ማን ይምልበታል?

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት የሕፃን ደም ስር ፈልጌ፣ ፈልጌ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ወጋሁት። እናቱ አለቀሰች። ቤት እስክገባ "አንቺ ብሎ ነርስ" እያልኩ ራሴን ስሰድብ ነበር። በሳምንቱ ጓደኛዬ እንደዚያው ሆነች፣ እኔም "አይዞሽ እናቴ፣ የሕፃን ደም ስር ያስቸግራል፣ ሌላ ሰው ይሞክርልሽ" አልኳት። ለእሷ አይዞሽ፣ ለራሴ ስድብ። ለምን?

አሁን የማደርገው ይህን ነው። እጅ በሳሙና ስንታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው አይደል? በዚያች ሰዓት ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ፣ "አይዞኝ፣ ከበደኝ" እላለሁ። ውሃ ከጠፋ በአልኮሉ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ትንሽ ናት፣ ግን በየበሽተኛው መሃል አለች። ይህ የሰው እጥረትን አይፈታም፣ ተደራራቢ አዳር የምትመድቡ አለቆች እባካችሁ እረፍቱን ስጡ።

ሰብስክራይብ አድርጉ፣ አዳር ለገባ ጓደኛችሁም ላኩለት። ውይ፣ ቡናው ገነፈለ! ጎረቤቴም መጣች። ዛሬ አቦሉ የእኔ ነው።