የተገለበጠው ሰንሰለት

[ቱሉ ዲምቱ፣ ጅምር ቤት ፊት ለፊት]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው። ከኋላዬ ለሶሌታ የታሰረ ፌሮ ይታያችኋል። ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ብሩን የሚበላው እሱ ነው።

ለምን አስፈለገ? ኮንክሪት ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት ከሥሩ ይለጠጣል። ያን ጉተታ የሚችለው ፌሮው ነው።

ቅርጹን ብንቀይረውስ?

[ቅርብ ምስል፦ የአንገት ሰንሰለት]

ይቺን ተመልከቱ። ሁለቱን ጫፍ ይዤ መሐሏን ለቀቅኳት። ቅርጿን ራሷ አገኘች። እያንዳንዷ ቀለበት ጎረቤቷን ትጎትታለች። አሁን ይህንኑ ቅርጽ ገልብጡት፤ ቅስት ሆነ። ጉተታው በሙሉ ግፊት ይሆናል። ግፊትን ደግሞ ድንጋይም፣ ሸክላም፣ የታመቀ አፈርም ይችለዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ነው። ያሳተመው ግን ፊደላቱን አዘበራርቆ ነው፤ ወርቁን እንደደበቀ ባለቅኔ።

ጣሪያ ግን አንድ ሰንሰለት ሳይሆን መረብ ነው። አንዱን ቋጠሮ ስትነኩ ሌላው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። በእጅ ማስላቱ ልብ ያወልቃል። ኮምፒውተር ግን ሁሉም ቋጠሮ ሚዛኑን እስኪይዝ ደጋግሞ ያሰላል። አርክቴክቱ አንዱን ጥግ ከፍ ሲያደርግ ቅርጹ እዚያው ይስተካከላል። ዲዛይንና ኮምፒውተር የሚገናኙበት የምርምር ማዕከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሚያምር ሥዕል ማውጣት ትንሹ ሥራው ነው።

ነገሩ በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ፣ ልደታ ካለው ብዙዎቻችን ሕንፃ ኮሌጅ ከምንለው ተቋም ጋር፣ ሱዱ የተባለ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ሠርቷል። አብዛኛው አፈር ነው። ወለሉንና ጣሪያውን የያዙት ከአፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች የተገነቡ ቅስቶች ናቸው።

[ቂሊንጦ]

እዚህ ቅርብ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የኮንስትራክሽን ጥራትና ቴክኖሎጂ ማዕከል አለው። ለከፍተኛ አቅም ኮምፒውቲንግም፣ ማለትም በኃይለኛ ኮምፒውተሮች ለሚሠራ ከባድ ስሌት፣ ሌላ ማዕከል አለው። የምመኘው ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ ማየት ነው።

[ቅርብ ምስል፦ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር]

ሥራው እግራቸው ሥር ነው። ይህ አፈር መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቅስት ደግሞ እግሩን ወደ ውጭ ይገፋል፤ እግሩ ከተንሸራተተ ይወድቃል። ታዲያ መረሬ ላይ የቆመ ቅስት፣ ከክረምት እስከ በጋ መሠረቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ይችላል? የመጀመሪያ የጋራ ሥራቸው ይህን ማስላት ቢሆን ደስ ይለኛል።