በአርቪ ወደ ዋትሰን ሌክ፦ ከፎርት ኔልሰን ወዲያ ያለው 520 ኪሎ ሜትር

[ምስል፦ ካርታ። ከኤድመንተን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣ ቀይ መስመር።]

ዋትሰን ሌክ ትንሽ ከተማ ናት። ካናዳ ውስጥ፣ ዩኮን ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ፣ በአላስካ ሀይዌይ ዳር ትገኛለች። መነሻችንን ኤድመንተን እናድርግ፤ እዚያና ካልጋሪ ብዙ ሐበሻ አለ። እንጀራውንም ሽሮውንም እዚያው ጫኑ፤ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ርቀቱ እንዲህ ነው። ከኤድመንተን ዳውሰን ክሪክ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ፎርት ኔልሰን 455፣ ከፎርት ኔልሰን ዋትሰን ሌክ ደግሞ 520። በትንሽ መኪና የሁለት ቀን መንገድ ነው። በአርቪ፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና፣ ግን አራት ቀን ያዙለት፤ የመጀመሪያውን አዳር ዳውሰን ክሪክ፣ ሁለተኛውን ፎርት ኔልሰን፣ ሦስተኛውን ሊያርድ ሪቨር ፍልውሃ።

ዳውሰን ክሪክ ላይ የአላስካ ሀይዌይ መነሻ የሆነው የማይል ዜሮ ምልክት ስላለ ሰው እቅዱን ከዚያ ይጀምራል። እኛ ከመጨረሻው 520 ኪሎ ሜትር ተነስተን ወደ ኋላ ብናሰላ ይሻላል። እስከ ፎርት ኔልሰን የሚበላሽ ነገር ሁሉ የሚጠግን አያጣም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቂት ሎጅ፣ ብዙ ጫካና ኔትወርክ የሌለው ስልክ ነው።

[ምስል፦ የነዳጅ ጌጅ፣ ቀረብ ተደርጎ።]

ነዳጁን እናስላ። የተለመደው የኪራይ አርቪ፣ 25 ጫማ ርዝመት ያለውና ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ የተሠራለት፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ22 እስከ 25 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። በ25 ካሰብነው 520 ኪሎ ሜትሩ 130 ሊትር ይፈልጋል። ችግሩ፣ ከውጭ መንታ ከሚመስሉ ሁለት አርቪዎች የአንዱ ታንክ 208 ሊትር፣ የሌላው 150 ሊትር ገደማ ሊይዝ ይችላል። የመጀመሪያው ተዝናንቶ ይገባል። ሁለተኛው የሚተርፈው 20 ሊትር ነው፤ እሱንም የፊት ንፋስና ዳገት ይበላዋል። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ የአላስካ ሀይዌይ ከፍተኛ ቦታ የሆነው ሰሚት ሌክ፣ 1,295 ሜትር፣ አለ። ስለዚህ አርቪውን ስትረከቡ ታንኩ ስንት እንደሚይዝ ጠይቁ። ፎርት ኔልሰን ላይ ሙሉ አድርጉ፤ ጌጁ ግማሽ ሲል የመጀመሪያው ክፍት ማደያ ላይ ዋጋውን ሳታዩ ጨምሩ። ቶድ ሪቨርና መንቾ ሌክ አካባቢ ያሉት ሎጆች ይወደዳሉ፤ ዘግተው የምታገኙበት ሰዓትም አለ።

ሌላም ነገር አለ። ጄኔሬተሩ ቤንዚን የሚስበው ከዚያው ከመኪናው ታንክ ነው። መሳቢያ ቱቦው ግን ሆን ተብሎ አጠር ተደርጎ ስለሚገጠም፣ ታንኩ ሩብ አካባቢ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ተበላሸ ብላችሁ ሌሊቱን አትፍቱት። መንዳት እንድትችሉ የተተወላችሁ ቤንዚን ነው።

[ምስል፦ የኋላ ጥንድ ጎማዎች።]

ጎማ ላይ ቆም እንበል። ከኋላ በየወገኑ ሁለት ሁለት ጎማ አለ። የውስጠኛው ቢተነፍስ መሪው ላይ ምንም አይታወቃችሁም፤ ውጭኛው ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ከዚያ እሱም ይፈነዳል። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ስድስቱንም በጌጅ ለኩ። በእግር መርገጥ መለካት አይደለም። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የጎማውን ዕድሜም እዩ፦ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2317 ካለ በ2017 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል እንዲቀየር ጠይቁ። እስኮርታና ክሪክ መኖራቸውንም ሳትፈርሙ በፊት በዓይናችሁ እዩ፤ እስኮርታ የሌለው የኪራይ አርቪ ጥቂት አይደለም።

መንገዱ እስከ ዋትሰን ሌክ አስፋልት ነው። በመሬት ውርጭ ተጣጥፎ ሰው የሚያማርርበት ክፍል በብዛት ከዚያ ወዲያ፣ ወደ አላስካ ድንበር ነው። ይሁንና የጥገና ወቅቱ ራሱ በጋ ስለሆነ ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ አይጠፋም። እዚያ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከፊት መኪና ራቁ። የፊት መስታወት ላይ ጠጠር ካረፈ፣ ጭቃና ውሃ ሳይገባው ነጥቧን ወዲያው በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑ፤ ንጹህ ከሆነ ይጠገናል። ውሉንም አንብቡ፦ ብዙ የኪራይ ኢንሹራንስ የመኪናውን የታችኛ ክፍልና ጠጠር መንገድን አይሸፍንም።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጉ። ፍሬን ረግጦ መውረድ የሚሸት ፍሬን ያመጣል፤ ከሸተተ በኋላ ደግሞ አይዝም። ፎርት ሴንት ጆን ሳትደርሱ፣ ቴይለር ላይ ወደ ፒስ ወንዝ የሚወርደው ገደል የመጀመሪያው ፈተና ነው። የድልድዩ ወለል የብረት ወንፊት ስለሆነ መኪናው ትንሽ ይዋልላል፤ አትደንግጡ፣ መሪውንም አታንቁት።

ከሊያርድ ወዲያ ጎሽ የሚመስለው ባይሰን መንገዱ ዳር ይግጣል፣ አስፋልቱም ላይ ይተኛል። ጠቆር ያለ ስለሆነ ማታ የምታዩት ከደረሳችሁበት በኋላ ነው። በጁን መጨረሻ ቀኑ ወደ 19 ሰዓት ይረዝማል፤ በጨለማ ለመንዳት ምክንያት የላችሁም። ለልጆች እንቅልፍ ግን ወፍራም መጋረጃ ያዙ።

[ምስል፦ የባትሪ መለኪያ፣ 12.1 ቮልት።]

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይሄ ነው። ሌሊት ይበርዳል፣ ማሞቂያው ይበራል፣ ሊነጋ ሲል ይጠፋል። “ፕሮፔን ጋዙ አለቀ” ይባላል። አላለቀም። ማሞቂያው የሚነደው በፕሮፔን ቢሆንም ሙቀቱን የሚገፋው ፋን ከባትሪ ወደ 7 አምፒር ይስባል። ግማሹን ሌሊት፣ አራት ሰዓት፣ ቢሠራ 28 አምፒር ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። ከ100 አምፒር ሰዓት ተራ ባትሪ ደህና ሆኖ የሚወጣው ግማሹ ነው። ሳትነዱና ሶኬት ሳታገኙ ሁለት ሌሊት ካደራችሁ አበቃ። መለኪያው 12.1 ካሳየ ግማሽ ላይ ናችሁ፤ ሞተር ወይም ጄኔሬተር አስነሱ።

ፍሪጁ በፕሮፔን የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ከመነሻችሁ ቀድሞ ባለው ቀን አብሩት፤ ለመቀዝቀዝ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የምታቆሙበት ቦታም ደልዳላ ይሁን፤ በውስጡ የሚዞረው አሞኒያ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ መኪናው ካዘነበለ ዝውውሩ ይቆማል። ነዳጅ ስትቀዱ ፕሮፔኑን ዝጉ።

የሽንት ቤቱን ታንክ ቫልቭ፣ ፍሳሽ መስመር ያለው ካምፕ ውስጥ እንኳ፣ ክፍት አትተዉ። ፈሳሹ ብቻ ይሄድና ሌላው ተከምሮ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወርደው የለም። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የእጅና የዕቃ እጣቢውን ልቀቁ፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥበዋል።

ስልክ ላይ ካርታውን ከፎርት ኔልሰን በፊት አውርዱ። አይፎን 14ና ከዚያ በኋላ የወጡት በሳተላይት የአደጋ መልእክት ይልካሉ፤ ግልጽ ሰማይ ግን ይፈልጋሉ። ጠዋት ጠዋት የመንገዱንና የሰደድ እሳቱን ሁኔታ እዩ፦ ለብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድራይቭ ቢሲ የሚባለውን ድረ ገጽ፣ ለዩኮን 511 የሚባለውን። በሜይ 2024 ፎርት ኔልሰን በእሳት ምክንያት ነዋሪዎቿ እንዲወጡ ታዝዘው ነበር፤ አንድ ትርፍ ቀን የሚያዘው ለዚህ ነው።

ከአሜሪካ ለምትመጡ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ያለው ሰው የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ግን ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ ሆነው በእጅ መገኘት አለባቸው።

[ምስል፦ በምልክት ሰሌዳ የተሞሉ እንጨቶች።]

ዋትሰን ሌክ ላይ የሰሌዳው ጫካ ይጠብቃችኋል። መንገዱ በተሠራበት በ1942 ካርል ሊንድሊ የሚባል የአሜሪካ ወታደር የአገሩን ከተማ የዳንቪልን ስም ጽፎ ተከለ፤ ዛሬ ሰሌዳዎቹ ከ80,000 በላይ ናቸው። “ደሴ” ወይም “ጎንደር” የሚል መስቀል ካሰባችሁ ቤት ሳላችሁ አዘጋጁት፦ የአሉሚኒየም ሉህ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ቀድሞ የተበሳ፣ በውጭ ቀለም የተጻፈ፣ ከአራት የማይዝጉ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ብሎኖች ጋር። ካርቶንና ማርከር ክረምቱን አይሻገሩም።

በመጣችሁበት መመለስ ካልፈለጋችሁ፣ ከከተማዋ በስተምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 37 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ማደያውም ከዚህኛው ይብሳል፤ ባለ 150 ሊትር ታንክ ከሆናችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።