ለኪኒን አልበገር ያለ ስኳር

[ምስል፦ የሴት ጣት፤ የስኳር መለኪያው ላይ 240 ይነበባል]

እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። 38 ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት። ካርዷ ላይ «ዓይነት 2 ስኳር» ተብሎ ተጽፏል። ኪኒኗን አንድ ቀን አላጎደለችም። ስኳሯ ግን ጠዋት በባዶ ሆዷ 240 ነው፤ ሌሊት ውኃ ጥም ይቀሰቅሳታል፤ ቀሚሷ እየሰፋት ሄዷል። ቤተሰቧ «ተደብቀሽ ጣፋጭ እየበላሽ ነው» ይላታል። አልበላችም። ይህ ወቀሳ ከበሽታው እኩል ያማል።

[ምስል፦ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ ቆሽት]

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። የእሷን ቆሽት የሚያሳርረው ግን የገዛ ሰውነቷ ሊሆን ይችላል። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩ ቤታ ሴሎች አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ፣ ከጀርም ሊጠብቀው የሚገባው የሰውነት መከላከያ እነዚህን ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ማጥፋቱን በዋናነት የሚሠሩት ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያው ወታደሮች ናቸው። በደም ምርመራ የሚታየው አንቲቦዲ፣ ማለትም መከላከያው የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ጭሱ ነው፤ እሳቱ ቲ ሴሎቹ ናቸው።

ይህ ዓይነት 1 ስኳር ነው፤ ብዙዎቻችን የልጆች በሽታ አድርገን እናስበዋለን። በ30ም በ50ም ይመጣል፤ አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ዓይነት 2 ይመስላል። ሐኪሞች ላዳ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ዓይነት 2 ከተባሉ 3,672 ሰዎች መካከል 10 በመቶ ያህሉ ላይ ጋድ የሚባለው አንቲቦዲ ተገኝቷል።

[ምስል፦ የላቦራቶሪ ወረቀት፤ «ጋድ» የሚለው መስመር ተሰምሮበታል]

ጋድ ተገኘባችሁ ማለት ግን ተፈርዶባችኋል ማለት አይደለም። ስኳር የሌለበት አዋቂ ላይ አንድ አንቲቦዲ ብቻ፣ ያውም በዝቅተኛ መጠን ከታየ፣ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ስኳር ላይዘው ይችላል። መጠኑ ሲጨምር፣ ወይም እንደ አይኤ 2 እና ዚንክ ትራንስፖርተር 8 ያሉት ሌሎች አንቲቦዲዎች ሲታከሉበት ነው ስጋቱ የሚያድገው።

ለዚህች ሴት ሌላም ምርመራ አለ፤ ሲ ፔፕታይድ ይባላል። በጣም የምወደው ምርመራ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ በዚያው ልክ ቆርጦ የሚጥላት ቁራጭ አለች፤ በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን ውስጥ ግን የለችም። ስለዚህ ቁራጯን መለካት ቆሽቱ ራሱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ይነግራል። አንቲቦዲ ያለበት ሰው ላይ በሊትር ከ0.3 ናኖሞል በታች ከወረደች፣ ሕክምናው ኢንሱሊን ነው።

[ምስል፦ የኪኒን ብልቃጥ]

እንደ ግሊበንክላማይድ ያለው ኪኒን ቆሽቱን «ጨምር፣ ጨምር» ይለዋል። ላዳ ላይ ይህ የደከመ በሬ ላይ ጅራፍ ማንሳት ነው፤ አይመከርም። ይህን ስለሰማችሁ ግን ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ሐኪሙን «ጋድ እና ሲ ፔፕታይድ ልሠራ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

መርፌ ከታዘዘላትም «አለቀላት» አትበሏት። ኢንሱሊን የበሽታው መጨረሻ አይደለም፤ ቆሽቷ መሥራት ያቃተውን መተካት ነው።

[ምስል፦ የድንገተኛ ክፍል በር]

ስኳሯ ከፍ እንዳለ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ።