የዶክተር ማንቶ ፋይል

ሄለን፦ የዛሬዋ ባለጉዳያችን የደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ማንቶ ቻባላላ-ምሲማንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 ወንበሩ ላይ ነበሩ።

ዳዊት፦ የነጭ ሽንኩርቷ ሚኒስትር!

ሄለን፦ ይኸው፣ ሁሉም የሚያነሳው እሱን ነው። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቀይ ሥር ይመክሩ ነበር። በ2006 የቶሮንቶው የኤድስ ጉባኤ ላይም የአገሪቱ ዳስ ውስጥ ያው ተደርድሮ ዓለም ጉድ አለ። እኔን የሚያበግነኝ ግን የኔቪራፒን ክስ ነው።

ዳዊት፦ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚሰጠው?

ሄለን፦ አዎ። እናትየው ምጥ ሲይዛት አንዲት ክኒን ትውጣለች። ሕፃኑ በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ ትንሽ ሽሮፕ ይጠጣል። በቃ። የመተላለፍ ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አምራቹ ደግሞ ለአምስት ዓመት በነፃ ልስጣችሁ ብሏል።

ዳዊት፦ በነፃ? ታዲያ ምን ጎደለ?

ሄለን፦ መንግሥት «ደህንነቱ ገና ይጠና» አለ። በየክፍለ ግዛቱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 18 የሙከራ ጣቢያ መረጠ። ከዚያ ውጭ ያለ የመንግሥት ሐኪም መስጠት አይፈቀድለትም።

ዳዊት፦ ቆይ ቆይ። ሴትየዋ ምጥ ላይ ናት፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያውቀዋል፣ ግን ሆስፒታሉ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ…

ሄለን፦ ዝም ብሎ ያያታል። ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን የተባለው ማኅበር ከሰሰና በ2001 መጨረሻ ፕሪቶሪያ ላይ ረታ። መንግሥት ይግባኝ አለ። ፖሊሲ ማውጣት የእኛ ሥራ ነው፣ ዳኛ ምን አገባው ነው ነገሩ።

ዳዊት፦ እውነት ለመናገር፣ እሱ ክርክር ባዶ አይደለም። ዳኛ መድኃኒት ይዘዝ እንዴ?

ሄለን፦ አይደለም። ግን ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 27፣ ማንም ሰው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት አለው ይላል። መንግሥትም አቅሙ በፈቀደ መጠን ምክንያታዊ እርምጃ መውሰድ አለበት። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 5 ቀን 2002 በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ ክልከላው ምክንያታዊ አይደለም፣ ሳይውል ሳያድር ይነሳ።

ዳዊት፦ ለሚኒስትሯ ልሟገትላቸው። አለቃቸው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ራሳቸው ኤድስን የሚያመጣው ኤችአይቪ መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር።

ሄለን፦ ሐኪም ናቸው እኮ! ሌኒንግራድ ሕክምና የተማሩ።

ዳዊት፦ እሺ፣ እጄን ሰጠሁ። የጋዜጣውስ ነገር?

ሄለን፦ እሱ 2007 ነው። ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ፣ ሚኒስትሯ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አልኮል ይጠጡ ነበር ብሎ ጻፈ። መረጃው ከግል የሕክምና ፋይላቸው የወጣ ስለነበር ከሰሱት። ዳኛው ፋይሉን መልሱ አለ፤ መዘገቡን ግን አልከለከለም። የሕዝብ ሹም ናቸውና ሕዝቡ የማወቅ ጥቅም አለው ነው ያለው።

ዳዊት፦ እኔ ይህኛው ትንሽ ይጎረብጠኛል። የታማሚ ፋይል ነው፣ የማንም ይሁን።

ሄለን፦ ይጎርብጥ፣ ግን ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ያወጡት ግምት አለ፦ የኤችአይቪ መድኃኒት በጊዜ ባለመዳረሱ ከ330 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፣ 35 ሺህ ያህል ሕፃናት ከቫይረሱ ጋር ተወልደዋል።

ዳዊት፦ ለዚህስ በወንጀል የተጠየቀ አለ?

ሄለን፦ የለም። ምቤኪ በ2008 ሲወርዱ፣ የተኳቸው ፕሬዚዳንት ካሌማ ሞትላንቴ ሚኒስትሯን ከጤና አንስተው ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በሚኒስትርነት ሾሟቸው። በ2009 መጨረሻ አረፉ።