ሽንቱ የማይወረወር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ወንድ ልጆች ሽንት ነው የማወራው፤ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ስለሆነ እኔ ጮክ ብዬ ላውራው።

ወንድ ሕፃን ያጠበ ሁሉ ያውቃል፤ ዳይፐሩ ሲፈታ ሽቅብ ይረጫል። የኔ ልጅ እንዲህ አልነበረም። ያስተዋለችው እናቴ ናት። እግሯን ዘርግታ፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ ስታጥበው ሆዱን ይወጥራል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሽንቱ ግን ጠብ ጠብ ይላል። «ይሄ ልጅ ያምጣል እኮ» አለች። ዳይፐሩ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አሳሳቹ ይሄ ነው፤ ሞልቶ የተጨናነቀ ፊኛም ያፈሳል።

ሐኪሞች ፖስቴሪየር ዩሬትራል ቫልቭ ይሉታል። ወንዶች ላይ ብቻ ነው የሚከሰተው። ገና በማህፀን ሳለ ከፊኛው በታች፣ ሽንት ቧንቧው ውስጥ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽንት ሲመጣ ቱቦ ውስጥ እንደገባ ፌስታል ይነፋና መንገዱን ይይዛል። ፊኛው ሲገፋ ሲገፋ ግድግዳው ይወፍራል፣ ግፊቱም ኩላሊት ድረስ ይደርሳል። በእርግዝና አልትራሳውንድ ሁለቱም ኩላሊቶች ካበጡ፣ ፊኛው አልጎድል ካለ፣ የሽርት ውሃው ካነሰ፣ ያኔውኑ መጠርጠር ይቻላል።

እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ «ኢንፌክሽን ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጥተው ሸኙን። ኢንፌክሽኑስ ነበረ። ግን ወንድ ሕፃን ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ሲገኝ «ከምን መጣ?» መባል አለበት፤ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው።

ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ካቴተር፣ ማለትም ሽንት ለማውጣት የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ከውጭ ሲገባ ሽፋኑን ወደ ጎን ገፍቶ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ «በቀላሉ ገባ፣ ጥበት የለም» ብትባሉ ነገሩ አላለቀም። ለይቶ የሚያሳየው ፊኛው ውስጥ ማቅለሚያ ተሞልቶ ልጁ እየሸና የሚነሳው ራጅ ነው።

ሕክምናው በካቴተር ፊኛውን በማስተንፈስ ይጀምራል፤ የደም ጨውና የኩላሊት ምርመራ ይከተላል። ከዚያ ቀጭን ካሜራ ባለው መሣሪያ በሽንት ቧንቧው ገብተው ሽፋኑን ይቆርጡታል። ልጁ ለመሣሪያው በጣም ትንሽ ከሆነ ወይም በልኩ መሣሪያ ከሌለ፣ ፊኛው ለጊዜው ከእምብርት በታች ወደ ውጭ ይከፈታል። የኛ ልጅ እንዲያ ነው የቆየው። ዳይፐሩን ሆዱ ላይ ከፍ አድርገን እናስር ነበር። የሚጠይቁን ዘመዶች ሲያዩት ይደነግጡ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያች ቀዳዳ ሽንት ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ኩላሊቱ እያረፈ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ሽፋኑ ተቆረጠ፣ ቀዳዳውም ተዘጋ። ያን ጊዜ ሁሉም «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል፤ ቀጠሮ የሚያቋርጡ ቤተሰቦችም ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡት ከዚህ በኋላ ነው። እባካችሁ አታቋርጡ። በልጅነቱ የተጎዳ ኩላሊት ዓመታት ቆይቶ፣ በጉርምስና ጭምር፣ ሊደክም ይችላል። የደም ግፊቱ፣ ክሪያቲኒኑ (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው የደም ምርመራ)፣ የፊኛው አሠራር መታየት አለበት።

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። በሰዓት ነው የሚሸናው፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል፣ ፊኛው በአንዴ አይጎድልማ። ዓመቱ ሲጀምር መምህርቷን አነጋገርኳት፤ እጁን ሲያወጣ «ቆይ» እንዳትለው፣ ውሃም እንዳትከለክለው። ኩላሊቱ ውሃ አጠራቅሞ መያዝ ስለማይችል ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል። ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ እስኪነጋ አንጠብቅም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ነን።