ቀዩ መስመር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው።

ባለፈው ሳምንት በስልክ በጠራሁት ታክሲ እየሄድን ካርታው ላይ ከፊታችን ያለው መንገድ ቀላ። ሹፌሩ ቶሎ ብሎ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ታጠፈ። ስልኩ ይህን ከየት አወቀ? በየመንገዱ የተተከለ ካሜራ የነገረው አይደለም። በየመኪናው ያሉት ስልኮች ያሉበትን ቦታና ፍጥነታቸውን ይልካሉ፤ ብዙዎቹ አንድ መንገድ ላይ መንፏቀቅ ሲጀምሩ መስመሩ ይቀላል። ስለዚህ መንገድ ተዘጋ ብዬ በተነጫነጭኩ ቁጥር የእኔም ስልክ ከአቅላዮቹ አንዱ ነበር።

በ2020 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ አንድ አርቲስት 99 ስልኮችን በእጅ ጋሪ ጭኖ ጭር ባለ መንገድ ላይ በቀስታ ጎተተ። ካርታው መንገዱ ተጨናንቋል አለ። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅኩ። ግን ነገሩን ገልብጡት፤ 99 ሰዎች ስልክ ሳይዙ በዚያው መንገድ ቢያልፉስ? ለካርታው መንገዱ ባዶ ነው።

ቦስተን ላይ የተሠራ አንድ መተግበሪያም እዚሁ ላይ ነው የተፈተነው። መኪና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስልኩ ንዝረቱን ለክቶ ቦታውን ለከተማው ያሳውቅ ነበር። ግሩም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰው በማይበዛበት ሰፈር ያለውን ጉድጓድ ማን ይናገርለታል? ከዚህ ይልቅ ልቤን የነካው የናይሮቢው ነው። ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች ተሳፍረው፣ እያንዳንዱን ፌርማታ መዝግበው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ130 በላይ መስመሮችን የያዘ ካርታ ወጣ። መረጃው እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፤ ሄደው ተሳፈሩ።

ወደ ታክሲው ልመለስ። የገባንበት መንገድ በካርታው ላይ ነጻ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ ሌላ ተሳፋሪ ይፈልገዋል። ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ስልኩ ጣለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ሁለት ሰከንድ ማለት 22 ሜትር ነው። ቀና ሲል አንዲት አሮጊት የልጅ እጅ ይዘው መንገዱ መሃል ደርሰዋል። ፍሬኑን ረገጠው፤ እኔ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተላተምኩ። «ይቅርታ እናቴ» አለ በመስኮቱ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

የዓለም ጤና ድርጅት እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የመድረስ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ይጨምራል ይላል። በሹፌሩ ላይ ብቻ መፍረድ ግን አልቻልኩም። ያንን ጥሪ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተቀበለ እንጀራው ለሌላ ያልፋል። ስልኩ ደግሞ መኪናው እየሄደ መሆኑን ያውቃል፤ ፍጥነቱን እየለካ አይደል ካርታውን የሚያቀላው? ታዲያ ጎማው እስኪቆም ዝም ማለት ምን ይከብደዋል?

ስወርድ ስልኬ ለሹፌሩ ስንት ኮከብ እንደምሰጥ ጠየቀኝ። ጥሪውን ስለላከው መተግበሪያ የሚጠይቅ ቦታ ፈለግሁ፤ የለም። ሳልመልስ ኪሴ ከተትኩት።